ቅርጹ ይፋቅ?

«ማተም» የሚለው ቃላችን ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። ደብዳቤን ማተም መዝጋት ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት «ከእንግዲህ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም» ይላል። ጋዜጣን ማተም ግን መክፈት ነው፤ መበተን፣ ላላየው ማሳየት፣ ላልሰማው ማሰማት ነው። ግእዙ «ኀተመ» ሲል የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ትርጉም የመጣው ከማተሚያው መኪና ጋር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ጣሪያ ሥር አብረው ይኖራሉ። ብዙውን ጊዜ አይጣሉም። አንዳንዴ ግን ይጣላሉ፤ ሲጣሉም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወለዳል፦ ሥራውን ከአንድ ቅርጽ ላይ በእጁ እያተመ የሚሸጥ ሠዓሊ፣ የወሰነውን ቁጥር አትሞ ሲያበቃ ቅርጹን በምላጭ ፍቆ ማበላሸት ይገባዋልን?

ጥያቄው የሀብታሞች ጋለሪ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። እኔ ያገኘሁት ግን ዱከም ነው፤ ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባድ መኪና፣ ጥሬ ሥጋና አቧራ በማይጠፋባት ከተማ፣ ማተሚያ መኪና በሌለው አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ። (ያለ ፕሬስ ስለ ማተም ልጽፍ ነው ብዬ ለአንድ የሙያ ባልደረባዬ ብነግረው «እኛማ ስንት ዓመታችን!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ የማወራው ስለ ብረቱ ፕሬስ ነው።)

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልናገር፤ ክርክሩ ያለ ሥራው ባዶ ነውና።

ሊኖሊየም ዛሬ በየሱቁ በሜትር የሚቆረጠው የወለል ፕላስቲክ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለወለል ንጣፍ ብሎ የሠራው ነገር ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት ተልባንና ዘይትን ከሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ቃላት ነው። የተልባ ዘይት አየር እየመታው እንዲረጋ ይደረጋል፤ ከዛፍ ሙጫና ከተፈጨ የቡሽ ዱቄት ጋር ይቦካል፤ ከዚያ በጆንያ ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። የድሮው የማተሚያ ቀለምም በተልባ ዘይት የሚለወስ ነው። እኛ ለፆም ወጥ የምንቆላው ተልባ እዚያ ወለልም ቀለምም ሆነ። ሠዓሊዎች ይህን ንጣፍ የወደዱት እንደ እንጨት ጭረት ስለሌለው ነው፤ ስለቱ ወደፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ አሞቅ አሞቅ ሲያደርጉት ደግሞ ይለሰልሳል። የዱከም ፀሐይ ለዚህ አያንስም።

የማወራላችሁ ወጣት ሥዕል የተማረ፣ ነገር ግን ታፔላ በመጻፍ የሚተዳደር ነው። እውነተኛ ሊኖሊየም ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ወዳጁ ከውጭ ሲመጣ አንድ ጥቅል አመጣለት። ሲያልቅበት ወፍራም የጫማ ሶል ጎማና የወለል ፕላስቲክ ይፈለፍላል። መፈልፈያው የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው። የጃንጥላ ሽቦ ድሮውንም እንደ ቦይ የጎደጎደ ስለሆነ ጫፉን ስለው እንጨት እጀታ ሲያበጁለት ጥሩ መፈልፈያ ይወጣዋል። የሚፈለፈለው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የሚተወው ቀለም ይይዛል። ሁሉም ነገር ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። ፊደላችን እዚህ ላይ ይፈትናል፤ «ሠ» ተገልብጣም «ሠ» ናት፣ «ቡ» ግን እጇ ወደ ግራ ዞሮ የማንም ፊደል ያልሆነች ነገር ትሆናለች። ታፔላ ጸሐፊ በመሆኑ ይህን ቶሎ ለምዶታል።

ከዚያ ቀለሙን በመስተዋት ላይ በሩሎ ያሳሳል፣ ቅርጹን ይቀባል፣ ወረቀቱን ያለብሳል፤ ከዚያም ማንኪያ ያነሣል። ማተሚያ መኪናው ማንኪያ ነው። በማንኪያው ጀርባ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ትንንሽ ክብ እየሠራ የወረቀቱን ጀርባ ያሻል። ማእዘኑን ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ያልያዘ ቦታ ካለ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በአንድ እጁ ይዞ እንደገና ያሻል። አንዱን ወረቀት ለማተም 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሁለት ወረቀት አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዱ ላይ ጥቁሩ ጠግቧል፤ አንዱ ላይ እጁ ደክሞ ግራጫ ሆኗል፤ አንዱ ላይ የማንኪያው ዙር እንደ ነፋስ ይታያል። እዚያው ከተማ፣ ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቻይናው ሁዋጂያን ጫማ ሲያመርት 10,001ኛው ጥንድ ከ1ኛው ጥንድ ጋር አንድ ካልሆነ ይጣላል። የዚህ ልጅ 2ኛ ወረቀት ከ1ኛው ጋር አንድ ቢሆን ግን ተአምር ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አለ ፈለገሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከሐምቡርግ ተነሥቶ ብራዚል የከረመው ሐንሰን ባሂያ ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል። ከእሱ ከተማሩት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢያናሌ ታላቁን ሽልማት የወሰደው ዘሪሁን። እንጨቱም ሊኖሊየሙም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ነገሩ። ወጣቱ ቡና የሚቆሉ አሮጊት ቀረጸ። አሮጊቷ አከራዩ ናቸው። ከወረቀቶቹ ሥር በእርሳስ 1/20፣ 2/20 እያለ ጻፈ፤ ትምህርት ቤት የተማረው እንደዚያ ስለሆነ። 12ቱ ተሸጡ፤ አብዛኞቹ እዚያው ለዱከም ሰዎች በርካሽ። ከዚያ አንድ ሥዕል ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጣና የቀሩትን 8ቱን በሙሉ፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ በሚሸፍን ዋጋ እወስዳለሁ አለ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ቅርጹ እሱ እያየ በምላጭ ይፋቅ። በዚያው ሰሞን አከራዩ «ልጄ፣ ዐረብ አገር ላሉት ለሦስቱም ልጆቼ አንዳንድ አትምልኝ፤ ያዩኝ መስሏቸው ይጽናኑ» ብለውታል። ኪራዩ የሚከፈለው ለእሳቸው እንደሆነ አንባቢ ልብ ይሏል። ስለ ሰብሳቢው አልነገራቸውም። እኔም ይህን መጽሔት እንደማያነቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰብሳቢውን ስግብግብ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን አልሰድበውም። የጠየቀው በዓለም የታወቀ ሥርዓት ነው፤ «ቅርጹን መሰረዝ» ይሉታል። ሰበቡም ሞኝነት የለበትም። አንድ ሰው 20 ብቻ ነው ተብሎ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ በዓመቱ 200 ቢያይ ተሰርቋል። ደግሞም አንዱን ወረቀት በ20 ደቂቃ የሚያሽ ሠዓሊ በፖስት ካርድ ዋጋ እየሸጠ መኖር አይችልም፤ ቁጥሩ ማነሱ ነው እንጀራ የሚሆነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያላነሣ ተከራካሪ፣ ስለ ሠዓሊ ሆድ አስቦ አያውቅም ማለት ነው።

ሆኖም ሥርዓቱ የጥንት አይደለም። ዱሬር የእንጨት ቅርጾቹን ቁጥር አልጻፈባቸውም። ሬምብራንትም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1669 ከሞተ በኋላም የመዳብ ሰሌዳዎቹ በሌሎች እጅ እየታተሙ ኖረዋል። ከ20 ይህኛው እያሉ መጻፍ እየተለመደ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ለምን በዚያን ጊዜ? መኪናው ሥዕልን በመቶ ሺህ ማባዛት በቻለበት ዘመን፣ የእጅ ሥራው «እኔ ብዙ አይደለሁም» ማለት አስፈለገው። ቁጥሩ የተወለደው ከፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ግን ፍርሃት ነው።

ያለ ፕሬስ ወደሚያትሙት እንምጣና፣ የጃፓኑን ሆኩሳይ እናስበው። እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ የወጣችው ታላቂቱ ማዕበል የታተመችው በማተሚያ መኪና ሳይሆን በቀርከሃ ቅርፊት በተጠቀለለ መዳመጫ፣ በሰው ክንድ እየታሸች ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶች ወጥተዋል፤ ዋጋቸውም ከምግብ ቤት ምሳ ብዙም አይርቅም ነበር። ማንም ቅርጹን አልፋቀም። እንጨቱ ራሱ እያለቀ፣ መስመሩ እየተሰበረ ሄደ። ከእነዚያ በሺህ ከታተሙት አንዷ መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ከ2.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። ብርቅ ያደረጋት ምላጭ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ እሳቱ፣ ምስጡ፣ የግድግዳው እርጥበት ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ክላውድ ፍላይት የሚባል መምህር በ1920ዎቹ ተማሪዎቹን ሊኖሊየም አስይዞ፣ ያለ ፕሬስ በማሸት ሲያሳትም፣ ዋጋው ሠራተኛው ለቢራው ወይም ለሲኒማው ከሚያወጣው እንዳይበልጥ ይመኝ ነበር። የፍላይት ወረቀቶች ዛሬ በጨረታ በብዙ ሺህ ፓውንድ ይሸጣሉ። ምኞቱ ከሽፏል ማለት ይቻላል፤ የከሸፈው ግን ፍላይት ገበያውን ስለተሸነፈ እንጂ ሊኖሊየሙ ስለከለከለው አይደለም።

ፒካሶ የሄደበትን መንገድ የማነሣው በሌላ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አንዱን ሊኖሊየም በመጀመሪያ በፈዘዘ ቀለም ያትማል፤ ከዚያ ያንኑ ሊኖሊየም እንደገና ይፈለፍልና በሌላ ቀለም በላዩ ላይ ይደርባል፤ እንደገና ይፈለፍላል። ሥራው ሲያልቅ ቅርጹም አልቋል። ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ልጨምር ቢል አይችልም። እዚህ ላይ ቁጥሩ ተወስኗል፤ የወሰነው ግን ሥራው ራሱ ነው። በዚህኛውና ቅርጹን በምላጭ በመፋቅ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አንደኛው ሥዕል ለመውለድ የሚከፈል ዋጋ ነው። ሁለተኛው የተወለደውን ከገበያ ለማራቅ የሚደረግ ነው። ሁለቱም ስለት ይዘዋል፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

በእኛ አገር ለዚህ የቀረበ ምሳሌ የማገኘው ከቁም ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። ብራና ላይ የተገለበጠ ዳዊት ከሌላ ዳዊት ተገልብጧልና «ቅጂ» ነው ብሎ የናቀው ሰው የለም። እያንዳንዱ ዳዊት ዳዊት ነው። የገልባጩ እጅ ያማረ ወይም ያላማረ ሊሆን ይችላል፣ የመጽሐፉ ማንነት ግን አይጠየቅም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለሚጻፈው ግዝት ደግሞ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ የሚገዘተው የሰረቀው ብቻ አይደለም፣ የፋቀውም ነው። ያባዛው አልተገዘተም። እንዲያውም ማስገልበጥ ጽድቅ ነበር፤ ባለጸጋው ለነፍሱ ብሎ ያስገለብጥ ነበር። መፋቅን ከስርቆት ጋር አንድ ላይ ያስቀመጠ ሕዝብ ልጅ፣ ምላጩን ሲያነሣ እጁ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም።

ይህን ብዬ ግን ወጣቱን ነጻ ላወጣው አልችልም። ችግሩ 1/20 ብሎ የጻፈው እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ሰብሳቢው ባይመጣ እንኳ፣ ቅርጹ ባይፋቅ እንኳ፣ 21ኛውን ማተም አይችልም፤ 12 ሰዎች ያንን ጽሑፍ አምነው ከፍለዋል። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶች። ተረቱን ቃል በቃል ለያዘው ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ቅርጹ የወለደው ነው፣ ቁጥሩ የተናገረው ነው፣ ስለዚህ ቅርጹ ይጥፋ። ነገር ግን ተረቱ አንዱ ካልጠፋ ሌላው በማይቆምበት ጊዜ የሚጠራ ነው። እዚህ ሁለቱም ሊቆሙ ይችላሉ። አለማተም ማለት አለማተም ነው፤ ቅርጹ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም አይታተም ይሆናል።

ታዲያ መፋቁ ምን ይጨምራል? ዋስ ይጨምራል። ሰብሳቢው የሚለው «ቃልህን ሰምቻለሁ፣ ግን ዋስ ጥራ» ነው። ዋስ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በማያውቁት ሰው መካከል ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ዋስ ሰው ሲሆንና ዋስ የአንድ ነገር መጥፋት ሲሆን ይለያያል። ቃሉን ስለማይጠብቅ እጁ ይቆረጥ የሚባል ተበዳሪ የለም። ወዳጆቼ «አጋነንህ፣ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ነው» ይሉኛል። ቁራጭ ላስቲክ ከሆነ ሰብሳቢው ስለ ምን ይፈራዋል?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኅትመት ሥዕል አንድ ጠቃሚ ነገር ብሏል፤ እውነተኛነቱን የሚወስነው ከዚያ ቅርጽ መውጣቱ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሥዕል ብዙ እውነተኛ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ይህ ከሆነ 21ኛው ሐሰተኛ ሥዕል አይደለም። ሐሰት የሚሆነው ከሥሩ የተጻፈው ቁጥር ነው። እንግዲህ ነውሩ ያለው በማብዛት ላይ ሳይሆን በመዋሸት ላይ ነው፤ ሁለቱን መለየት ያቃተው ገበያው ነው። ገበያው የሠዓሊውን ቃል መመዘን ስለማይችል ቅርጹን ያጠፋል። «የሠዓሊው ቅጂ» እየተባለ፣ ኤ.ፒ. ተብሎ እየተጻፈበት ከቁጥሩ ውጪ የሚታተመውን ስታዩ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ራሱ ስንት ቀዳዳ እንዳለው ትረዳላችሁ።

ወጣቱ ያደረገውን ልናገር። ለሰብሳቢው «13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ የሰው ናቸው፤ አምስቱን ውሰድ፣ ቅርጹ ግን አይፋቅም፣ አላትምበትም» አለው። ሰብሳቢው አልወሰደም። ከዚያ ወጣቱ ያደረገው ነገር ለእኔ ከዚህ ይበልጣል። ከገዢዎቹ 9ኙ ዱከምና ቢሾፍቱ ስለሚኖሩ በየቤታቸው እየሄደ «በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ቀለም፣ ‹ሁለተኛ ኅትመት› ብዬ ባትም ቅር ይላችኋል?» ሲል ጠየቃቸው። የቀሩትን 3ቱን ማግኘት አልቻለም። ከ9ኙ 8ቱ ሳቁ፤ አንዷ «ይኼን ለመጠየቅ ነው በፀሐይ የመጣኸው?» ብላ ቡና አፈላችለት። አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ግን እምቢ አሉ። «እኔ ሥዕሉን ብቻ አልገዛሁም፣ 20ንም ገዝቻለሁ» አሉት።

መምህሩ ትክክል ናቸው። ሰብሳቢው የጠየቀውና እሳቸው የጠየቁት አንድ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። እሳቸው ያስጠበቁት የተሰጣቸውን ቃል ነው፤ ምንም ነገር እንዲጠፋ አልጠየቁም። የሌሎቹ 8 ሰዎች ፈቃድ የእሳቸውን መብት አይሽረውም፤ ይህ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛ ኅትመት የለም። ቅርጹ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው ቢፋቅስ ምን ልዩነት አለው?» ሊል ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያልተፋቀውን ቅርጽ መምህሩ ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ሊከፍቱት ይችላሉ። የተፋቀውን ማንም አይከፍተውም። በሰዎች መካከል ያለ ስምምነት በሰዎች ሊፈታ መቻል አለበት፤ በምላጭ የተፈጸመ ስምምነት ግን ባለቤቶቹንም ይቅርታ አያደርግላቸውም። ደግሞም 9 ገዢዎችን በባጃጅ ዞሮ መጠየቅ የተቻለው ሥራው በእጅ የተሠራ፣ ቁጥሩ ሰው በሚያውቀው መጠን የሆነ ስለሆነ ነው። የጫማ ፋብሪካው ይህን ላድርግ ቢል አይችልም።

አሁን በጫማ ሶል ጎማ ላይ አዲስ ሥራ ጀምሯል፤ መንገድ ዳር ተሰልፈው የሚያድሩ ከባድ መኪናዎች ናቸው። ከሥሩ የሚጽፈው 1፣ 2፣ 3 እያለ ተራ ቁጥሩንና ያተመበትን ቀን ብቻ ነው። «ከስንት?» ብሎ የጠየቀው አንድ የጋለሪ ሰው ነበር፤ «ስንት እንደሚሆን ሳላውቅ ብጽፍ እዋሻለሁ» አለው። ሰውየው እንዲህ ያለ ሥራ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም ብሎ ሄደ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሏል። ይህንን አልሸሽገውም፤ ታፔላ መጻፉንም አልተወም። እስካሁን 37ኛው ላይ ደርሷል። ጎማው እንደ ሊኖሊየም አይጸናም፤ ከ30ኛው ጀምሮ የአንዱ መኪና የመስተዋት ፍሬም መሳሳት ጀምሯል። እሱንም ከቁጥሩ አጠገብ በእርሳስ ይጽፈዋል።